የእማማ ዝማም ባዶ ግቢ

የሚሸተው ፍሬው አይደለም፤ ቅጠሉ ነው። ቲማቲም አሳድጎ የማያውቅ ሰው ይህን አያውቅም፤ ገበያ ወርዶ ቀይ ቀዩን እየመረጠ ሲገዛ የኖረ ሰው ቲማቲም ሽታ ያለው አይመስለውም። ባለፈው ሰኞ የልጄ ሚስት አምስት ችግኝ በተቆረጠ ጀሪካን ይዛ ጎንደር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ አስቀመጠችና፣ «አባባ፣ እርስዎ ድሮ ቆላ እያሉ ጓሮ አትክልት ያውቁ ነበር አሉ፤ እስቲ ያሳዩኝ» አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም። አንዱን ችግኝ ይዤ የታችኛውን ቅጠል ቀነጠስሁላት። ከዚያ ጣቴን ሳሸተው መተማ ገባሁ። አርባ ዓመት ያልረገጥሁት አገር በአንድ ጣት ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብሁ፤ አልለቀቀኝም። «ሌላ ጊዜ አሳይሻለሁ» ብያት ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ልጅቱ ቅር ሳይላት አልቀረም።

መተማ የተመደብሁበትን ዓመት ልጥቀስ ብል እሳሳታለሁ። ቤልቦተም ሱሪ ሊወጣ፣ ካኪ ሊገባ ሲል ነበር፤ ለኔ ቢጤ ይህ ይበቃል። ደባርቅ ተወልዶ ያደገ፣ ብርድ እንጂ ሙቀት የማያውቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው አዲስ መምህር ወፍራም ሹራብ እንደለበሰ በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ቆላ ሲወርድ አስቡት። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሹራቡን አወለቅሁ፤ ሸሕዲ ስንደርስ ሸሚዙን፤ መተማ ስገባ የቀረኝ ቆዳዬን ማውለቅ ብቻ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ የቴትሮን ሱሪና እናቴ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠችኝ ዘር ነበረ፤ የጎመን፣ የድንብላል፣ ጥቂት ራስ ነጭ ሽንኩርት። «ጓሮ የሌለው ቤት የእንግዳ ቤት ነው፤ እንግዳ ሆነህ እንዳትቀር» ብላኛለች። እኔ በዕድሜዬ አንድ ጉድጓድ ቆፍሬ አላውቅም። የቤታችን ጓሮ የእናቴ ነበር፤ የኔ ድርሻ መብላት ነበር።

ያን ጊዜ መተማ ከተማ ከተባለች የአንድ መንገድ ከተማ ነበረች። መንገዱ ከላይ ይመጣና ወንዙ ላይ ያበቃል፤ ከወንዙ ማዶ ሱዳን ነው። ከኒሙ ዛፍ ሥር ያለው ሻይ ቤት የወተት ሻይ በአሥር ሳንቲም ይሸጣል፤ ራዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሱዳን ዘፈን ያንቆረቁራል። ቃሉ አይገባኝም፤ ዜማው ግን የኛው ትዝታ የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ሆዴን ያባባዋል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ መዝሙር ማሰማት ሲጀምር ባለ ሻይ ቤቱ ራዲዮኑን ይዘጋና ሰማይ ሰማይ ያያል። ሴቶቹ ሎሚ ቀለምና ሰማያዊ ቶብ ተጠቅልለው ሲያልፉ መንገዱ ባንዲራ የሰቀለ ይመስል ነበር። ወፍራም ዶሮ በሁለት ብር ተኩል፣ ሽታው ሦስት ቀን ከገላ የማይለቅ የሱዳን ሳሙና ደግሞ በድብቅ። የኮንጎ ጫማዬ በሙቀቱ ለስልሶ ወደ ጎን ይሄድብኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ሰሊጥ ሲደርስ ከወሎና ከጎጃም የሚመጣው የቀን ሠራተኛ መንገዱን ሞልቶት፣ አንዱ በወሎኛ ሌላው በጎጃምኛ ሲጠራራ ደስ ይላል። ዛሬ ከተማዋ ሰፍታለች፣ ባንክም ሆቴልም አላት ይላሉ። ይሁንላት። እኔ የማውቃት ያችኛዋን ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ግቢው ነበር። የአገሩ ሰው ግቢ ራቁቱን ነው። አንዲት ሣር፣ አንዲት አበባ የለችበትም፤ እንደ አውድማ ተለቅልቆ የተጠረገ መሬት ብቻ። ከቤቱ ጎን የተጠፈረ አልጋ፣ ከጥላው ሥር ዚር የሚሉት የሱዳን የውኃ ጋን፣ ሌላ ምንም። እኔ ደገኛው ይህን አይቼ በልቤ ሰነፎች አልኋቸው። ይኸን የመሰለ ጥቁር አፈር ይዘው ሽንኩርት እንኳ ከገበያ የሚገዙ ሰዎች! አብሮኝ ለሚያስተምረው ሰው ይህንኑ ስነግረው አስታውሳለሁ። «ለምን አይተክሉም?» ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት ስለማውቅ ነበር፤ የማያውቅ ሰው እኮ ይጠይቃል።

ጎረቤቴ እማማ ዝማም ነበሩ። አባታቸው ከወገራ ወርደው ቆላ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እዚያው ተወልደው፣ አግብተው፣ ባል ቀብረው ብቻቸውን ቀርተዋል። አንዲት ልጃቸው አለምነሽ ሸሕዲ አግብታለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልድ የሚወዱ ሴት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በማስተምረው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከፊት ይቀመጡና ‹ሀ›ን ሲጽፉ ጠመኔውን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ጨብጠው ነበር። «መምህር፣ ይኸ ፊደል ቢጠፋብኝ ምን ይጎዳኛል?» ሲሉኝ ክፍሉ ይስቃል። ግቢያቸውን ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ፤ ማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በዘምባባ መጥረጊያ፣ ከአጥሩ ጀምረው ወደ ደጃፉ ወደ ኋላቸው እየሄዱ፣ የራሳቸውን ኮቴ ሳይቀር እያጠፉ። ጠዋት ሲነሱ ደግሞ ከደጃፉ ላይ ቆመው መሬቱን ሳያዩ አንድ እግር አይወርዱም። አንድ ማለዳ ጠርተው አሳዩኝ። «ይኸውልህ፣ ጅብ እዚህ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ይኸ ጊንጥ ነው። ይኸኛው ጥምዝምዙ ደግሞ ያ ረጅሙ ነው፤ በዚህ ገብቶ በዚያ ወጥቷል፤ አላደረም።» እባብን ስሙን አይጠሩትም። እኔ ያየሁት አቧራ ነው። ማንበብ የማይችሉ ብዬ የመዘገብኋቸው ሴት በየማለዳው አንድ ገጽ እያነበቡ እንደሚውሉ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

የኔ አትክልተኛነት በውርደት ነው የተጀመረው። እናቴ በሰኔ ስለምትተክል በሰኔ ተከልሁ፤ ዋልካው ዝናብ ሲጠግብ ጭቃ ሆኖ ዘሩን አፍኖ አበሰበሰው። ዝናቡ ሲያባራ እንደገና ዘራሁ፤ መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጠቀና የበቀለውን ሁሉ ሥሩን አየር መታው። ፍግ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ትኩሱን የከብት እበት ከሥሩ ከመርሁበት፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ ጎመኑ ተቀቅሎ አደረ። በቀትር አጠጣሁ፤ ቅጠሉ ተጠበሰ። እማማ ዝማም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ የትኛውን ቀበርህ?» ይሉኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ተማርሁ። መደቡን ከበሬ ፊት ለፊት አደረግሁ፣ አሸዋ ከወንዙ አምጥቼ ከዋልካው ደባለቅሁ፣ በላዩ በማሽላ አገዳ ዳስ ጣልሁ፣ እጄን የታጠብሁበትን ውኃ ሁሉ አጠጣሁት። ከገበያ የለቀምሁት የቲማቲም ዘር ወጣ። በመጋቢት ሐሩር፣ አገሩ ሁሉ አመድ መስሎ፣ የኔ ደጅ አረንጓዴ ሆነ። ማታ ማታ እንቁራሪት ይጮህ ጀመር፤ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የደባርቅን ክረምት እያሰብሁ ደስ ይለኛል።

እማማ ዝማም ግን ቀልዳቸውን ተዉ። «መምህር፣ ይኸን ልምላሜ ከደጅህ አርቀው» አሉኝ አንድ ቀን። «ከወንዙ ዳር መሬት ሞልቶ የለም?»

«ደጄ ላይ ሲሆን ዓይኔን ስከፍት አየዋለሁ፣ እማማ።»

«አንተ ብቻ መሰለህ የሚያየው? በዚህ በጋ ጥላና እርጥበት ያየ ፍጡር ሁሉ ይመጣል። እንቁራሪቱ መጥቷል፤ እንቁራሪቱን የሚከተለው ደግሞ አለ።»

«እባቡ?»

«ስሙን አትጥራ!» አሉና አማተቡ። እኔ ሳቅሁ። በማግሥቱ አብሮኝ ለሚያስተምረው ሰው የቆላን አጉል እምነት ስተርክ ዋልሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቲማቲሜን የቀመሰው በዚያው ሰሞን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስናገር ይመረኛል እንጂ እውነት ነው። ከላይ የጓሮ አትክልት ዘመቻ ታዟል፤ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው፤ የሚያሳየው ነገር አጥቶ ተጨንቋል። እኔ ደጅ ላይ ቀይ ፍሬ ሲያይ ዓይኑ በራ። «ጓድ መምህር፣ እጅ ጽሑፍህ ያምራል፤ መመሪያውን አንተ አርቅቅልኝ» አለኝ። ደረቴ ተነፋ። ጽሕፈት ቤቱ ገብቼ ነጭ ወረቀት ላይ በዚያ በሚያምር እጄ ጻፍሁ፤ እያንዳንዱ ነዋሪ በግቢው ውስጥ የጓሮ አትክልት ይተክላል። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብሁና፣ ተቆጣጣሪው በየጓሮው እንዳይዞር፣ ከመንገዱ ሆኖ እንዲታየው በማለት ሦስት ቃል ጨመርሁ፦ ከደጃፉ ፊት ለፊት። ማንም አልጠየቀኝም። ሊቀመንበሩ ሲያነበው፣ «ይህቺ ጥሩ ናት» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያን ቀን ሻይ ቤት ገብቼ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ያልተከለ ሰው የይለፍ ወረቀት አይጻፍለትም ተባለ፤ የተከለውን የምመዘግበውም እኔ ሆንሁ። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ኬላውን አልፎ ሸሕዲ እንኳ መድረስ አይቻልም። ሰዉ እያጉረመረመ ደጁን ቆፈረ። እማማ ዝማም አልቆፈሩም። ሁለት ጊዜ ተጠርተው፣ «ባዶ ግቢ የገበሬ ልጅ ነውር ነው» ተብለው ተገሠጹ፤ ተመልሰው ደጃቸውን ጠረጉ። አለምነሽ ግን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር፤ በኛ አገር ለመጀመሪያ ወሊድ እናት ካልደረሰች ማን ይደርሳል? አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሁሉም ሲወጣ እሳቸው ቀሩ።

«መምህር፣ እስቲ አንድ ነገር ልለምንህ። ከማሽላዬ ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ፣ ጎመኑንም ባሚያውንም እተክላለሁ። እጥፍ አድርጌ እተክላለሁ። ደጄን ብቻ ተዉልኝ። አንተ ወረቀቱ ላይ ‹ተክለዋል› ብለህ ጻፍልኝ፤ ውሸት አይደለማ።»

«እማማ፣ ‹ከደጃፉ ፊት ለፊት› ይላል እኮ።»

«ማነው እንዲያ ያለው?»

«መመሪያው ነዋ።»

«መመሪያው ሰው የለውም?»

እኔ ነኝ አላልሁም። መዝገቡ እጄ ላይ ነው፤ ብዕሩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አንዲት ቃል ብጽፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሊቀመንበሩ እንኳ የሚፈርመው ሳያነብ ነው። ግን የኔን ደጅ ለምቶ እያዩ የሳቸው ባዶ መቅረት እኔን የሚነቅፍ መሰለኝ። ከዚያ በላይ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ብዙ ፈልጌአለሁ።

«እኔ እዚህ አገር ሦስት ልጅ ቀብሬአለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሁለቱን ወባ፣ አንዱን ውኃ በላብኝ። በዚያ በረጅሙ ግን አንድም አልሞተብኝ። ለምን መሰለህ? ጠርጌ ስለማድር ነው።»

«አይዞዎት፣ እኔ እረዳዎታለሁ» አልኋቸው። ረዳኋቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት ዶማ ይዤ ሄጄ፣ እንደ አውድማ የጠነከረውን ደጃቸውን በገዛ እጄ ቆፈርሁት፣ አሸዋ ደባለቅሁበት፣ ከኔ መደብ ነቅዬ አሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ተከልሁላቸው፣ ዳስ ጣልሁበት። ከዚሩ የሚንጠባጠበው ውኃ እንዳይባክን ወደ መደቡ ትንሽ ቦይ አወጣሁ፤ በዚያች ቦይ በጣም ኮርቼ ነበር። እማማ ዝማም መጥረጊያቸውን ይዘው ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው አዩኝ። ስጨርስ «እግዜር ይስጥህ» አሉኝ፤ የደገኛ ጨዋነት ነው፣ ከቆላም አልለቀቃቸውም።

ችግኙ ለመለመ፤ ጉልበት አለፈ። ተቆጣጣሪው ከመንገድ ላይ ሆኖ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የይለፉን ወረቀት እኔ ጻፍሁ፣ ሊቀመንበሩ ማኅተም መታበት። እማማ ዝማም ወረቀቱን አጥፈው ከመቀነታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ቅዳሜ በሚወጣው የማሽላ መኪና ሊሄዱ ከሾፌሩ ተነጋገሩ። የልጃቸውን ዕቃ ሲያዘጋጁ ያን ሰሞን እንደገና መቀለድ ጀምረው ነበር፤ «ወንድ ከወለደች ‹ቲማቲም› ነው የምለው» ሲሉኝ እስካሁን ይሰማኛል።

ሐሙስ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሲጣሩ ሰምቼ ሮጥሁ። ከመደቡ ዳር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ የማጠጫው ጣሳ ተገልብጧል፤ ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ሁለት ትናንሽ ነጥብ፤ ከዚያ በቀር ምንም። አልጮኹም። ፊታቸው ላይ የነበረው ሕመም ሳይሆን እፍረት ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ኖራ ክር እንደተበጠሰባት ሴት።

«አላየሁትማ» አሉኝ። «የት ብዬ ልየው? ምኑን ጠርጌ ልየው?»

መቀነታቸውን ፈትቼ እግራቸውን ከጉልበታቸው በላይ አሰርሁት። ወረቀቱ ወደቀ፤ አንስቼ ኪሴ ከተትሁት። ለሰሊጥ ምንጠራ ከወሎ የመጡ አራት ሰዎች በጠፍር አልጋ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱልን። ሐኪሙ፣ ሐኪም ካሉት፣ ቁስል አጣቢ ነው፤ የመርዙ መድኃኒት ጎንደር እንጂ እዚህ አይመጣም አለ። መኪና ፍለጋ ወደ ኬላው ስሮጥ፣ ስለምን፣ ስመለስ ረፈደ። ከስድስት ሰዓት በፊት አረፉ። ሰዎች እባቡን ከቲማቲሙ ሥር፣ እኔ ካወጣሁት ቦይ አጠገብ፣ እርጥቡ ላይ ተጠምጥሞ አግኝተው ገደሉት። እኔም አየሁት፤ ክንድ የማይሞላ፣ አቧራ የሚመስል ነገር። በተጠረገ መሬት ላይ ቢሆን ሕፃን ልጅም ያየው ነበር።

ያን ቀን ተመልሼ የኔን ቲማቲም ነቅዬ ጣልሁት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልነቀልሁትም። ጎብኚዎች በሁለተኛው ሳምንት ይመጡ ነበር፤ ሊቀመንበሩም እንዳልነካው አደራ አለኝ። ሪፖርቱን ስጽፍ የእማማ ዝማምን ስም ከተከሉት ሰዎች መዝገብ ላውጣ ብዬ ጠየቅሁት። «ለምን ታወጣለህ? ተክለዋል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተክለዋል። ጎብኚዎቹ መጡ፤ ካኪ የለበሱ ሦስት ሰዎችና አንድ ፎቶግራፍ አንሺ። ደጄ ላይ አቁመው ቲማቲም አስይዘው አነሱኝ። ልምዴን እንድናገር ስጠየቅ አሸዋና ዋልካ እንዴት እንደሚደባለቅ ተናገርሁ፤ አጨበጨቡልኝ። እነሱ በሄዱ በሳምንቱ ማንም ሳያዝ አገሩ ሁሉ ደጁን ነቅሎ፣ ደልድሎ፣ መጥረግ ጀመረ። ማለዳ ማለዳ የመጥረጊያው ድምፅ ከግራም ከቀኝም ይሰማኛል። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ሰላምታም አልነሱኝም። እንዲያ ያለውን ጨዋ ሕዝብ ነው ሰነፍ ያልሁት።

አለምነሽ የመጣችው ልጁ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ነው። ወንድ ነበር። ብቻዋን፣ ጎረቤት ሴቶች እጇን ይዘውላት፣ እናቷ መሞታቸውን ሳይነግሯት ነው የወለደችው፤ ያረዷት ከአራስ ቤት ስትወጣ ነው አሉ። የናቷን ዕቃ ልታነሳ መጥታ፣ ልጁን እንዳዘለች በሬ ላይ ቆመች። አባቷን ትመስላለች ይሏት ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን የእናቷን ቁመት ነው። እናቷ እንዴት እንደሞቱ ሊነግራት የደፈረ ሰው ይኑር አይኑር፣ ካለም እንዴት አድርጎ እንደነገራት ከዓይኗ ልለይ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። እንድትቀመጥ በርጩማ ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«መምህሩ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እናቴ በሾፌር ልካብኝ ነበር። ‹ወረቀቱን መምህሩ አስጨርሶልኛል፤ ደጄንም በእጁ ቆፍሮ ተከለልኝ፤ ከልጅ አይተናነስም፤ ቅዳሜ እመጣልሻለሁ› ብላ። እሷ ባትደርስልኝም፣ ለሷ የዋሉላትን አልረሳም። ይኸን ልነግርዎት ብዬ ነው።» ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ፤ በጀርባዋ ያለው ሕፃን ራሱ አብሮ ዘነበለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። መመሪያውን ማን እንደጻፈ፣ እናቷ ምን ብለው እንደለመኑኝ፣ ቦዩን ማን እንዳወጣው፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። እሷ ቀና ብላ መልሴን ትጠብቃለች።

«አሜን» አልኋት።